የሸራ ተራው ወንድምሽና የውጭ ንግድ ሒሳብ

የቀረበው ጥያቄ፦ «በኢኮኖሚክስ ከተመረቅሁ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በሚገኝ አስመጪ ድርጅት የጉምሩክ ሰነድ አዘጋጃለሁ። ታላቅ ወንድሜ ከ20 ዓመት በላይ መርካቶ ሸራ ተራ ጫማ ሲሠራ የኖረ ነው፤ እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ትምህርት ላይ የነገሩን፣ ጉልበት የበዛበት ድኻ አገር ከውጭው ዓለም ጋር በሰፊው ሲነግድ የጉልበት ሠራተኛው ደመወዝ እንደሚያድግና በተማረውና ባልተማረው መካከል ያለው ልዩነት እንደሚጠብ ነበር። በእኛ ቤት የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። የእኔ ደመወዝ በየጊዜው ሲጨምር የእሱ ገቢ ባለበት ቆሟል፤ አንዳንድ ወር ጭራሽ ይጠፋል። የተሳሳተው ንድፈ ሐሳቡ ነው ወይስ አገሩ? ወንድሜስ ሥራውን ትቶ ሌላ ይፈልግ?»

ምላሽ፦

እኅቴ፣ «አንቺ» ብዬ ስጽፍልሽ እንደ ድፍረት አትቁጠሪብኝ። የንግድና የሥራ ገበያ ኢኮኖሚክስ ሳስተምር ጸጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ፤ ተማሪዎቼም በአንቺ ዕድሜ ናቸው። ብዙ ሰው መጽሐፉና ቤቱ ሲጣሉበት ወይ መጽሐፉን ይጥላል፣ ወይ ቤቱን ይረሳል። አንቺ ሁለቱንም ይዘሽ መጥተሻል፤ ስለዚህ መልሱም ረዘም ቢል አትሰልቺ።

መጀመሪያ ንድፈ ሐሳቡን ያለ ጥፋቱ ከመወቀስ ላድነው። ነገሩን የጀመሩት ኤሊ ሄክሸርና በርቲል ኦሊን የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ ቮልፍጋንግ ስቶልፐርና ፖል ሳሙኤልሰን ሐሳቡን ወደ ደመወዝ አመጡት። አገር የበዛላትን ትሸጣለች፣ ያነሳትን ትገዛለች። ጉልበት የበዛበት አገር ብዙ እጅ የሚጠይቅ ዕቃ ይልካል፤ ለዚያ ዕቃ ገዢ ሲበዛ ለእጁም ፈላጊ ይበዛል፤ ደመወዙ ከፍ ይላል። በሌላ በኩል የተማረ ሰው የሚጠይቀው ዕቃ ከውጭ በርካሽ ስለሚገባ የተማረው ሰው ብልጫ ይቀንሳል። ይህ ባዶ ቃል አይደለም። ደቡብ ኮሪያና ታይዋን ልብስና ጫማ ለዓለም መሸጥ በጀመሩባቸው ዓመታት ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር ታይቷል።

ኋላ የመጡት አገሮች ግን ሌላ ታሪክ አሳዩ። ሜክሲኮ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ በሯን ስትከፍት፣ ኮሎምቢያና አርጀንቲና ቀረጥ ሲቀንሱ፣ የተማረውና ያልተማረው ደመወዝ ከመቀራረብ ይልቅ ተራራቀ። ፒነሎፒ ጎልድበርግና ኒና ፓቭችኒክ እ.ኤ.አ. በ2007 የብዙ አገሮችን ማስረጃ ሰብስበው ሲመረምሩ ያገኙት ይህንኑ ነው። ስለዚህ የእናንተ ቤት ብቻውን የተጣመመ አይምሰልሽ።

ለምን እንዲህ ሆነ? መጽሐፉ በጸጥታ የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። በእሱ ዓለም ውስጥ ሠራተኛ ማለት ውኃ ነው፤ ከአንዱ ዕቃ ቤት ወደ ሌላው ይፈስሳል። ጫማው ሲረክስ ጫማ ሠሪው በነጋታው ወደሚላከው ዕቃ ይሄዳል። አንድ ሌላ ነገርም አለ፣ እኔ ከዚህኛው ይልቅ የምጣላው ከእሱ ጋር ነው፤ «ያልሠለጠነ» የሚለው ቃል። ወንድምሽን «ባልተማረው» ወገን ስትቆጥሪው መጽሐፉን አምነሽ ነው። እኔ ግን ወንድምሽ ያልሠለጠነ ነው ብዬ አላምንም።

መልስ ከመጻፌ በፊት ሸራ ተራ ወጥቼ ነበር። ማስቲሹ ከመንገድ ይሸትታል። በጠባብ ደረጃ ሁለት ፎቅ ወጥቼ ከብዙ ዓመት ጀምሮ «ጋሼ» እያልኩ የምጠራቸው ሰው ዘንድ ተቀመጥኩ። እኒህ ሰው ቆዳውን በብርሃን ላይ ዘርግተው አንዴ በአውራ ጣታቸው ሲያሹት የቱ ጋ እንደሚለጠጥና የቱ ጋ እንደሚሰነጠቅ ያውቃሉ። ከዚያ ጠንካራውን ለአፍንጫው፣ ለስላሳውን ለምላሱ ያውሉታል፤ የሚጣለው ቁራጭ ከመዳፌ አይበልጥም። ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው ስጠይቃቸው «አሁንም እየተማርኩ ነው» አሉኝ። የትምህርት ደረጃቸው ስድስተኛ ክፍል ነው። የሥራ ገበያ ጥናት የሚያካሂድ መጠይቅ ይዞ የመጣ ልጅ «ስንተኛ ክፍል ደርሰዋል?» ብሎ ጠይቆ፣ «ዝቅተኛ ክህሎት» በሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አድርጎ ይሄዳል። እኛም ያንን ሣጥን ደምረን ስለ ዓለም ንግድ እንጽፋለን።

የሸራ ተራ ሙያ ረጅም ትውልድ አለው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አርመን ነጋዴዎች አዲስ አበባ ላይ ሁለት የጫማ ፋብሪካዎች አቆሙ። እዚያ እጃቸውን ያፍታቱ ሠራተኞች እየወጡ የራሳቸውን ከፈቱ፤ ከእነሱ የተማሩት ደግሞ ሌላ ከፈቱ። ዲፕሎማ የሰጠ ማንም የለም፤ ዕውቀቱ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ቆየ። እንግዲህ በዓለም ንግድ የሚመታው ይህ ዓይነቱ ክህሎት ነው። ጉልበት ብቻ ያለው ሰው አንዱ በር ሲዘጋ በሌላው ይገባል፤ ለእሱ ጫኝነትም ቀን ሥራም ያው ነው። ሃያ ዓመት በአንድ ሙያ የከረመ ሰው ግን ዋጋው ከዚያ ዕቃ ዋጋ ጋር ታስሯል። ዕቃው ሲረክስ እሱም ይረክሳል።

ይህ ሲሆን ያየነውም ሩቅ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የቻይና ጫማ መርካቶን ሲያጥለቀልቅ ተገኘ ገብረእግዚአብሔር የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ 96 ጫማ አምራቾችን አጥንተው ነበር። 28 በመቶ ያህሉ ለኪሳራ ተዳርገዋል፤ 32 በመቶ ሥራቸውን አሳንሰዋል። የጥቃቅኖቹ አማካይ የሠራተኛ ቁጥር ከ7 ወደ 4.8 ሲወርድ የአነስተኛና የመካከለኞቹ ከ41 ወደ 17 ወርዷል። ከ41 ወደ 17! በአንድ ድርጅት 24 ሰው ማለት ነው። መጽሐፉ እነዚህ ሰዎች ወደሚላከው ዕቃ ይሄዳሉ ይላል። በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚላከው ምን ነበር? ቡናና አበባ። ቡናውን በመጋዘን ተቀምጠው የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው፤ የአበባውን ዘንግ በሆለታና በዝዋይ የሚቆርጡት ደግሞ ወጣት ልጃገረዶች። የአርባ ዓመት ቆዳ ቆራጭ ሸራ ተራን ትቶ አበባ ይቆርጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው መርካቶን በካርታ ብቻ የሚያውቅ ነው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ «ንግድ ገዳይ ነው» ብዬሽ አበቃ ነበር። ግን አላበቃም። ያ ጫማ አብዛኛው ሰው ሠራሽ ነበርና የአዲስ አበባን ክረምት አልቻለውም፤ ከሥሩ እየተላቀቀ ገዢ አሳፈረ። የሸራ ተራ ሰዎች ደግሞ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ሞዴል መኮረጅ ጀመሩ፤ ከውጭ የሚመጣ የተሻለ ሶል ገዙ፤ የቆዳውንም ጥራት አሻሻሉ። የቆዳ ጫማው የአገር ውስጥ ገበያውን መልሶ ያዘ። ግን ልብ በይ፤ ያተረፈው ሞዴል ማውጣትና ዕቃ ፈልጎ ማግኘት የቻለው ባለቤት ነው። በጥንድ የሚከፈለው ሠራተኛ ገበያው ሲመለስ ሥራው ተመለሰለት እንጂ በአንድ ጥንድ የሚያገኘው ሒሳብ በዚያው ልክ አላደገለትም። በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው አንዱ ከንግዱ አተረፈ፣ አንዱ ቆሞ ቀረ።

«እሺ፤ ግን ከጊዜ በኋላ ሰው ይላመዳል» የሚል ባልደረባ አላጣም። ብራዚል በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቀረጧን በአንዴ ስትቆርጥ ምን እንደሆነ ራፋኤል ዲክስ-ካርኔሮና ብራያን ኮቫክ ለሃያ ዓመታት ተከታትለዋል። ክፉኛ የተመቱት አካባቢዎች ገቢ ከጊዜ ጋር እያገገመ መሄድ ሲገባው ጉዳቱ በሃያኛው ዓመት በአሥረኛው ከነበረው ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ፋብሪካው ሲዘጋ ምግብ ቤቱም ይዘጋል፤ አዲስ ባለሀብትም ወደዚያ አይመጣም። በአሜሪካም ዴቪድ አውተር፣ ዴቪድ ዶርንና ጎርደን ሃንሰን እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2007 በፋብሪካ ሥራ ላይ ከታየው ማሽቆልቆል አንድ አራተኛው ከቻይና ዕቃ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። «ይላመዳል» የሚለው ቃል የሃያ ዓመት ዕድሜ ለሚከፍለው ሰው ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው የጥያቄሽ ክፍል ልምጣ፤ አገሩ። ኢትዮጵያ ጉልበት የበዛባት ናት ስንል ከማን ጋር አነጻጽረን ነው? ቻይና፣ ባንግላዴሽ፣ ቬትናም ወደ ገበያ ሲገቡ በዓለም ላይ ያለው የርካሽ እጅ ቁጥር ተለወጠ። እኛ ለዓለም የምናቀርበው ዋናው ነገር ከከፍታችንና ከመሬታችን የሚወጣ ነው፤ ቡና፣ ሰሊጥ፣ ወርቅ። የቡና ዋጋ ሲያድግ የሚጠቀመው በጅማና በሲዳማ ያለው ገበሬና መካከል ላይ ያለው አቅራቢ ነው። አዲስ አበባ ግን በአመዛኙ የሚገባው ዕቃ የሚወርድባት ከተማ ናት። ለወንድምሽ ከተማ የንግድ መስፋፋት በመጀመሪያ የሚታየው በፉክክር መልክ ነው፤ ለጅማው ሰው ደግሞ በገዢ መልክ። አንድ አገር ናቸው፣ አንድ ገበያ ግን አይደሉም።

የሚላክ ነገር በፋብሪካ ለመሥራት ሞክረናል። የዱከሙ የቻይና ጫማ ፋብሪካ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ተመረቀ። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ሥራ አገኙ፤ ይህን አላናንቀውም። ደመወዙ ግን በ2011 ዓ.ም. በወጣ አንድ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መሠረት መነሻው በወር 26 ዶላር ነበር፤ ያኔ በዓለም ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች ሁሉ ዝቅተኛው። የአሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ ክፍት፣ ገዢዎቹ ስመ ጥር ኩባንያዎች፤ ደመወዙ ለምን አልተነሣም? ለዚህ መልሱ ከሳሙኤልሰን ይልቅ አርተር ሉዊስ ዘንድ ነው። ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1954 እንደጻፈው በገጠር ያለው ትርፍ እጅ እስኪያልቅ ድረስ ፋብሪካው ደመወዝ ሳይጨምር የፈለገውን ያህል ሰው ያገኛል። በሩ ላይ የተሰለፉት ልጆች ናቸው የውስጠኛዋን ደመወዝ የሚወስኑት። በግል ድርጅት ውስጥ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ እስካሁን የለንም፤ አሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢያዝም።

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን እዚሁ ኢትዮጵያ የሠሩትን ጥናት ልነግርሽ የፈለግሁት ለወንድምሽ ጭምር ስለሚጠቅም ነው። ለአምስት ድርጅቶች፣ የአበባ እርሻና የጫማ ፋብሪካ ጭምር፣ ካመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች መካከል በዕጣ ለአንዳንዶቹ የፋብሪካ ሥራ፣ ለአንዳንዶቹ የራሳቸውን ሥራ እንዲጀምሩ 300 ዶላር ያህልና ጥቂት ሥልጠና ሰጡ። ሥራውን ካገኙት ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ዓመቱ ሳይሞላ ለቀቁ፤ ገቢያቸው አልተሻለም፤ የጤና ችግራቸው ግን ጨመረ። ገንዘቡን የወሰዱት በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በአንድ ሦስተኛ አደገ። በአምስተኛው ዓመት ሲጠየቁ ግን ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ተመልሰው ተገኙ። ገንዘቡም ፋብሪካውም ዘላቂ ልዩነት አላመጣም። እኔ ይህን ጥናት ባነበብኩ ቁጥር ስለ ፋብሪካ ጥላቻ አልወሰድኩም፤ መውጫው የጠበበ ገበያ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ብቻውን ብዙ እንደማይለውጥ ነው የተረዳሁት።

ከዚያም ደጁ በአንድ ደብዳቤ ተዘጋ። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ዕቃቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲልኩ ከሚፈቅደው ሕግ፣ ከ2022 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ስታስወጣ፣ ከሐዋሳ ትልቁ ገዢ ቀድሞ ለቆ ወጥቶ ነበር። የልብስ ስፌት መስመር ላይ አንድ ኪስ ብቻ ስትሰፋ የኖረች ልጅ ሲሰናበቷት ይዛ የምትወጣው ሙያ ምንድን ነው? ኪስ ስፌት። ወንድምሽ ቢያንስ ሙሉ ጫማ መሥራት ይችላል።

ቬትናም ላይ ያልተለመደ ነገር ሆኗል፤ ይህንንም ብነግርሽ ሚዛኑን ይጠብቃል። ከአሜሪካ ጋር የነበራት የንግድ ስምምነት በታኅሣሥ 2001 እ.ኤ.አ. ሲጸና በቬትናም ዕቃ ላይ የነበረው የአሜሪካ ቀረጥ በአማካይ ከ23.4 በመቶ ወደ 2.4 በመቶ ወረደ። ወደ አሜሪካ የሚላክ ዕቃ በብዛት ይሠሩ በነበሩ ክፍለ ሀገሮች ድህነት ፈጥኖ ቀነሰ፤ በቤት ውስጥ ጥቃቅን ሥራ ይሠሩ የነበሩም ወደ ተመዘገቡ ድርጅቶች ተሻገሩ። እዚያ መጽሐፉ ሠራ። የእኛና የእነሱ ልዩነት «ንግድ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ» የሚል አይደለም፤ መጀመሪያ የተከፈተው የማን በር እንደሆነና ሰው ሊሻገርበት የሚችል ድልድይ መኖሩ ነው።

አሁን ስለ አንቺ ደመወዝ ልናገር፤ ይህ ክፍል ላያስደስትሽ ይችላል።

ከቢሮሽ ወደ ለገሃር ስትሄጂ የድሮውን ባቡር ጣቢያ ታያለሽ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ የሰፈሩም ስም ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የወጣ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህች ከተማ መሐል ጥሩ የሚከፈለው ዕቃው በሚያልፍበት በር ላይ ለቆመ ሰው ነው፤ ቋንቋ ለሚያውቅ፣ ሰነድ ለሚያነብ፣ ባንክ ውስጥ ሰው ለሚያውቅ። ዛሬም ከውጭ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ሲያልፍ እያንዳንዱ ኮንቴይነር ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) የሚከፍት፣ ኢንሹራንስ የሚገዛ፣ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫ ቅጽ) የሚሞላ፣ ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያወጣውን ትራንዚተር የሚከታተል ሰው ይፈልጋል። ገቢው ዕቃ ሲበዛ ለእነዚህ ሰዎች ፈላጊ ይበዛል። አዎ፣ ንግዱ ለተማረ ሰው ፍላጎት ጨምሯል። ግን የተከፈለሽ ለዲግሪሽ ነው ወይስ ለቆምሽበት በር?

በተለይ የውጭ ምንዛሪ በወረፋ በሚታደልበት ዘመን ዶላር በባንክ ዋጋ ያገኘ አስመጪ ዕቃውን የሚሸጠው በጥቁር ገበያው ስሌት ነበር። መካከሉ ላይ ወፍራም ትርፍ አለ፤ ከዚያ ትርፍ ላይ ጥቂቱ ሰነዱን ሳያበላሽ ለሚያስጨርስ ሠራተኛ በደመወዝና በጉርሻ መልክ ይደርሰዋል። የእኔ ግምት የአንቺ ጭማሪ አንዱ ምንጭ ይህ እንደነበረ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲፈቀድ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ያ ወፍራም ትርፍም መሳሳት ጀመረ። በዚያው ዓመት የአስመጪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፈተ። ሰነድ ተሸክሞ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት መሮጥም በኮምፒውተር እየተተካ ነው። የአንቺም ክህሎት እንደ ወንድምሽ በአንድ በር ላይ የታሰረ መሆኑን እንዳትረሺ ነው ይህን ሁሉ የምልሽ። ከእሱ የሚለይሽ የእሱ በር ቀድሞ መመታቱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለነገሩ ፖሊሲ አንዳንዴ ከቻይናም ይፈጥናል። በጥር 2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለከል፣ ኢንጂን በማዳመጥ ብቻ ሕመሙን የሚያውቀው ሽማግሌ መካኒክ ልክ እንደ ጋሼ በአንድ ማስታወቂያ ዕውቀቱ የሚያበቃበት ዓመት ተቆጠረለት። ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ልጅ ግን ባልጠበቀው ቀን ተፈላጊ ሆነ። ሁለቱም ከአንድ ቴክኒክና ሙያ የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

ወደ ሸራ ተራ ልመለስ፤ ለወንድምሽ የምመክረው ከዚያ ይጀምራልና። ጋሼን ስለ ብር መዳከም ስጠይቃቸው መልስ አልሰጡኝም። አንድ ያላለቀ ጫማ አንሥተው እየፈቱ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ክምር ሠሩ። «ይህ የእኛ ነው፤ ይህ የውጭ ነው» እያሉ። በአንዱ በኩል ቆዳው፣ ገበሩና ካርቶኑ። በሌላው በኩል ሶሉ፣ ማስቲሹ፣ ክሩ፣ ቀለበቱ። የውጭው ክምር ትንሽ ይመስላል፤ ዋጋው ግን ከሚታየው ይከብዳል። «ዶላር ሲወጣ የቻይናው ጫማ ይወደድብኛል ብለው ገዢዎቼ ወደ እኔ ይመጣሉ። በእኔ ላይ ደግሞ ሶሉ ይወደድብኛል» አሉ። የምንዛሪ ለውጥን ከዚህ ባጠረ ቃል ያስረዳ የክፍል ትምህርት አላስታውስም። ብር ሲዳከም ከውጭ የሚመጣው ተፎካካሪ ላይ ቀረጥ እንደተጣለ ይቆጠራል፤ ሠሪው ራሱ የሚገዛው የውጭ ጥሬ ዕቃ ላይም እንዲሁ። ትርፍና ኪሳራው የሚለየው በሁለቱ ክምር ልክ ነው።

በቆዳው ክምር ውስጥም የማይታይ የንግድ ፖሊሲ አለ። ጥሬና በከፊል ያለቀ ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ ሲላክ 150 በመቶ ቀረጥ እንዲከፈልበት ከተደረገ ዓመታት ተቆጥረዋል። ዓላማው ቆዳው እዚህ እንዲለፋና እዚህ እንዲሰፋ ነው። ሸራ ተራ ቆዳ ሊያገኝ የቻለው በከፊል በዚህ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ለበዓል በግ ያረደ ሰው ነው፤ ሌጦው ምንም አያወጣምና አጥር ላይ ጥሎት ይሄዳል። እያንዳንዱ ጥበቃ የሚከፈለው በሌላ ሰው ኪስ ነው። ይህን ለወንድምሽ ባትነግሪውም ለራስሽ እወቂው።

ታዲያ ሥራውን ይተው? በዚህ ርቀት ሆኜ «ተው» ወይም «አትተው» ማለት አልደፍርም፤ ግን የምጠይቀውን ልንገርሽ። በጥንድ ተከፋይ ከሆነና ሞዴሉም ደንበኛውም የባለቤቱ ከሆነ፣ የንግዱ ውጣ ውረድ ሁሉ መጨረሻው በእሱ ጀርባ ላይ ነው፤ ገበያ ሲደራ ብዙ አያገኝም፣ ሲቀዘቅዝ ግን መጀመሪያ የሚሰናበተው እሱ ነው። እዚያው ቦታ ላይ ሌላ አሥር ዓመት መቆየት ይከብደኛል። የራሱ ጥቂት ደንበኞች ካሉት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ ሙያው «ጫማ» ነው ብሎ የሚያስብ ከሆነ ጠባብ ነው። የእሱ ዕውቀት ቆዳ ነው። ቦርሳ፣ ቀበቶ፣ የመኪና ወንበር ሽፋን፣ ሶፋ፤ ይህ ሁሉ የሚቆረጠው በዚያው አውራ ጣት ነው፤ አንዳንዱም ሶልና ማስቲሽ አይፈልግም፣ ስለዚህ የውጭው ክምር ያንሳል። ኤክስፖርት ፋብሪካ ይግባ የሚል ካለ ደግሞ መስመር ላይ አይቁም። እኔ ባየኋቸው ፋብሪካዎች መስመር ላይ የሚቆም ልጅ ሞልቷል፤ የሚጠፋው ናሙና ሠሪ ነው። ገዢ ፎቶ ሲልክ ያንን ፎቶ አይቶ በሁለት ቀን ሙሉ ጫማ አድርጎ የሚያወጣ ሰው፣ ስለ ደመወዝ የሚደራደር ሰው ነው። ወንድምሽ ይህን እንደሚችል ሲቪው ላይ አይታይም፤ ሲቪ ራሱ አልጻፈም ይሆናል። እሱን ጻፊለት፤ ሰነድ ማዘጋጀት ሥራሽ አይደል።

ከዚያ በፊት ግን ቅዳሜ ከሰዓት ጊዜ ካለሽ ሄደሽ አጠገቡ ተቀመጪ። አንድ ጥንድ እንዲፈታልሽ ጠይቂውና ሁለቱን ክምር ሥሪ፤ የእያንዳንዷን ዕቃ የዛሬ ዓመትና የዛሬ ዋጋ ከጎኗ ጻፊ፤ ከታች ደግሞ ለእጁ የሚደርሰውን። የውጭው ክምር ከጥንዱ መሸጫ ዋጋ ስንት በመቶ እንደሆነ ስታገኚ ላኪልኝ፤ ቀጣዩን ከዚያ ቁጥር ተነሥተን እንነጋገራለን።